ዝምታን ፍሬን ያደረጉት ሰው

የጥንት የሥራ ባልደረባዬ ቶሎሳ ቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድም፣ «ሾፌር፣ ዘፈኑ ቆመ» አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ነበር። ነገሩ ገና ሳይገባኝ ቀኝ እግሬ ቀድሞ ወለሉን ረገጠ፣ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው። መኪና መንዳት ከተውኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ እግሬ ግን ዛሬም የጋሽ ሄራሞ ሠራተኛ ነው።

ጋሽ ሄራሞ ዐረፉ ማለቱ ነበር። በእርጅና፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ጣቶቻቸው በሙሉ በቦታቸው እንዳሉ። የጣቱን ነገር በከንቱ አላነሣሁትም። ዕድሜውን ሙሉ ውዳቂ ብረት ሲፈታና ሲያስጭን የኖረ ሰው ጣቱ ሳይጎድል መቀበሩ በእኛ ሙያ ትልቅ ወሬ ነው። እሳቸውም ይህን ያውቁ ስለነበር መንገድ ላይ ሲያገኙህ ከሰላምታ በፊት ሁለት እጃቸውን ይዘረጉልሃል። «እስኪ ቁጠር» ይላሉ። ካልቆጠርክ አያሳልፉህም።

«በል አልቅስ» አልኩት ቶሎሳን።

«አንተ ታላቄ አይደለህ? ቅደም» አለኝ። ሳቃችን ቀደመ፤ ልቅሶው ተከተለ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ከተማችን በመንግሥት ወረቀት ላይ ናዝሬት ነበረች፤ የቶሎሳ እናት ግን አዳማ ከማለት ሌላ አያውቁም ነበር። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ውዳቂ ብረት የሚፈታና የሚያጓጉዝ የሠራተኞች ማኅበር ነበረን። የወፍጮ ሞተር በሉት፣ ወለንጪቲ መንገድ ላይ ተገልብጦ የቀረ መኪና በሉት፣ ከቆቃ ዳርቻ የመጣ የዛገ ጀልባ በሉት፣ ሁሉም እኛ ዘንድ ይመጣል። ፈትተንና ቆራርጠን አዲስ አበባ ወዳለው ማቅለጫ እንዲሄድ ባቡር ላይ እናደርሰዋለን። ማኅበሩ አንድ ያረጀ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረው፤ ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። መኪናው ራሱ ወደ ውዳቂነቱ ያደላ ስለነበር፣ ጋሽ ሄራሞ መዶሻቸውን ይዘው አየት ሲያደርጉት ልቤ ይሰጋ ነበር።

እሳቸው ካቦው ነበሩ፣ የሠራተኞቹ አለቃ። ከሆሳዕና ወዲያ ካለ አገር በጎረምሳነታቸው ሸንኮራ ሊቆርጡ ወደዚህ ሸለቆ ወርደው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ ነው። ጉረኛም ነበሩ። ይህን ከሞቱ በኋላ ብናገር ሐሜት አይደለም፤ በሕይወት ሳሉም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ «ምነው ዘገየህ?» አሉኝ እንጂ አልተቀየሙም። በተለይ በድምፃቸው አይቻሉም ነበር። «ናዝሬት ውስጥ ሶደሬ ድረስ የሚሰማ ነገር ሁለት ነው፤ ባቡሩና እኔ» ይሉ ነበር። ድሮ ጸሎት ቤታቸው ውስጥ መዝሙር የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ። ጸሎት ቤቱ በዚያን ዘመን ከታሸገ ወዲህ ያ ሁሉ ድምፅ መፍሰሻ ቢያጣ ጊዜ ብረት ላይ ወረደ።

ጠዋት ጠዋት ግቢ ሲገቡ እኛን ሰላም ከማለታቸው በፊት የዕለቱን ብረት ሰላም ይላሉ። በቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው። «አያ ብረት፣ ደኅና አደሩ?» ብለው በመዶሻ ጫፍ ቆም እያሉ ይመቱታል። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው መልስ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ቀን ሳይ አእምሯቸው የተነካ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሆዱ ውስጥ ነገር ያለበት ብረትና ባዶው አንድ ዓይነት አይመልሱም። የነዳጅ በርሜል የሆነ እንደሆነ ደግሞ ባዶም ቢሆን አያምኑትም። «ቤንዚኑ ሄዷል፣ ትንፋሹ ግን አለ። ትንፋሹ ከራሱ ይብሳል» እያሉ አሳጥበው፣ ውኃ እስከ አፉ አስሞልተው፣ ከዚያ ነው የመቁረጫውን እሳት የሚያስጠጉት። እኛ «ይሄ ሁሉ ውኃ!» እያልን እናጉረመርም ነበር። አንድ ቀን ከጎረቤት ግቢ ድው የሚል ድምፅ ሰማንና የበርሜል ክዳን እንደ ትሪ እየተሽከረከረ አጥራችንን ዘሎ መሀላችን ወደቀ። እግዚአብሔር ሲጠብቅ እዚያ የነበረው ሰውዬ ቅንድቡን ብቻ ነበር ያጣው። ጋሽ ሄራሞ ክዳኑን አንሥተው ግቢያችን በር ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ውኃ ያጉረመረመ የለም።

ሌላው ጉዳቸው ቀለበት ነው። ቀለበት ያደረገ እጅ ብረት አይነካም። ቡሎን ወይም ሽቦ ቀለበቱን ከያዘው ጣቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ያገባን ሁሉ ጠዋት ቀለበታችንን አውልቀን እንሰጣቸዋለን፣ እሳቸው በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ማታ ይመልሱልናል። ሚስቶቻችን ከእኛ ጋር ሲጣሉ ለእሳቸው ነበር አቤት የሚሉት። «የሁላችንም ቀለበት ያለው እሳቸው ዘንድ ነው፣ ባላችን እሳቸው ናቸው» ይሉ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ይበልጥ ይሰፋል።

ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን ጫማው ነበር። የደኅና ቆዳ ጫማ ከየት ይምጣ? አብዛኛው ሰው በረባሶ ተጫምቶ ይመጣል፣ ጣቶቹ በሙሉ ውጪ። እሳቸው በረባሶን ከግቢ አገዱ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ እየቀደዱ በሸራ ጫማችን አፍንጫ ላይ ወፍራም ቆብ ሰፉልን። የሰፈር ልጆች «ጎማ አፍንጫ» ብለው ስም አወጡልን። እኔ ጋቢና ውስጥ ስለምቀመጥ ግድ አልነበረኝም፤ ቶሎሳ ግን አበደ። ያን ጊዜ ቶሎሳ ያላገባ መልከ መልካም ወጣት ነበር፣ ዓይኑም የቀበሌው ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ በሆነችው በዘነበች ላይ ነበር። በጎማ አፍንጫ ሴት አይታጭም ብሎ ያምናል።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ፤ ያለ ዘፈኑ ጋሽ ሄራሞን ማወቅ አይቻልም።

ከባድ ብረት ስንጎትት ወይም ስንሸከም እሳቸው ይመራሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ግጥሙ እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፣ ተቀባዩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤

አያ ብረት ሆዬ፣
ሆ፣ ቀስ ብለው።
መንገዱ ሩቅ ነው፣
ሆ፣ ቀስ ብለው።
የሰው ልጅ ከሥር አለ፣
ሆ፣ ቀስ ብለው።

ሌላውም ተሸካሚ ይዘፍናል፣ በዚህ አይደነቅም። የእኛ ዘፈን ሕግ ነበረው። አደጋ ያየ ሰው አይጮህም። አፉን ይዘጋል። ጎረቤቱ የሱን ድምፅ ሲያጣ እሱም ይዘጋል። በአንድ ትንፋሽ ዘፈኑ በሙሉ ይሞታል፣ ሁሉም እግሩ ባለበት ይቆማል። እኔ ከፊት ሆኜ በብረት ገመድ ስጎትት ኋላዬ ያለውን በስፖኪዮ ከአቧራ በቀር አላይም፤ ዘፈኑ ሲቆም ግን ፍሪሲዮንና ፍሬን እረግጣለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ዝምታ ፍሬን ነበር።

«ለምን አንጮህም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ አዲስ ሳለሁ። ለወትሮው ሲያወሩ የሚያስተጋቡት ሰውዬ ያን ቀን በዝግታ ነው የመለሱልኝ።

«ሸንኮራ ስንጭን አብሮኝ የመጣ የአገሬ ልጅ ነበር። ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራተተበት። አንዱ በወላይትኛ ጮኸ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ ካቦው በአማርኛ፣ እኔ በቋንቋችን። ሁላችንም ትክክል ነበርን። እሱ ሁላችንንም ልስማ ብሎ ዞረ። በዚያው ቀረ።» መዶሻቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከማን ጋር እንደምትሠራ እየው፤ ቶሎሳ አለ፣ ከድር አለ፣ ከየአገሩ የመጣ አለ። ዝም ስትል ግን ሁሉም ይሰማሃል። ለዝምታ አስተርጓሚ አያስፈልግም።»

ዘፈኑ እየቆየ ከተማው ገባ። ጋሪ ነጂዎች ያንጎራጉሩታል፣ ገበያ ውስጥ ሴቶች የማዳበሪያ ከረጢት ሲሸከሙ «ሆ፣ ቀስ ብለው» ይባባላሉ። ጋሽ ሄራሞ በገበያው መሀል አንገታቸውን ቀና አድርገው ማለፍ አበዙ። ቤታቸው በዚያ በኩል አልነበረም።

ይህን ጊዜ ነው የቦይለሩ ነገር የመጣው። ከከተማው ጫፍ ከተዘጋ ብዙ ዘመን የሆነው የዘይት መጭመቂያ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ውኃ ይፈላበት የነበረ አንድ ጫፉ የተከፈተ ትልቅ የብረት ጋን ተጋድሟል። ትልቅነቱን በዚህ እወቁት፣ የሰፈሩ ፍየሎች ሆዱ ውስጥ ያድሩ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ኮፍያቸውን አውልቀው «አያ ብረት፣ ደኅና አደሩ?» ብለው በመዶሻ ሲመቱት ከውስጥ ፍየሏ መለሰች። ቶሎሳ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ቀረሁ። እሳቸው ግን ፍየሎቹ አንድ በአንድ እስኪወጡ በትዕግሥት ጠብቀው እንደገና ሰላም አሉት።

ቦይለሩን በትልቅ የዘመቻ በዓል ቀን፣ ከላይ የመጡ እንግዶች እያዩ፣ ከግቢው አውጥተን ወደ ባቡር ጣቢያ እንድናደርስ ቀበሌው ወሰነ። በዋዜማው ካድሬው ጓድ ታሪኩ ግቢያችን መጣ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የሚያምርና ጮክ ያለ ነገር የሚወድ፣ ደስታው ቶሎ የሚግል ሰው ነበር።

«ጓድ ሄራሞ፣ ዘፈናችሁ የሕዝብ ሆኗል። ነገ ኪነት ቡድናችን ከነአኮርዲዮኑ ይቀበላችኋል። ሕዝቡም አብሮ ይላል» አለ። «ግጥሙን ግን ትንሽ አስተካክለነዋል። ‹አያ ብረት› የድሮ ሥርዓት ይሸታል፣ ‹ጓድ ብረት› ብለነዋል። ‹ቀስ ብለው› የሚለውም ለዘመኑ አይሆንም፤ ‹ሆ፣ ወደፊት› ብለነዋል።»

ሁላችንም ጋሽ ሄራሞን አየናቸው። ፊታቸው ላይ ደስታው ሲመጣ አየሁት። ከተማው በሙሉ ሊቀበላቸው ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ያን ያህል ተቀባይ አግኝተው አያውቁም።

«ጓድም ይባል ምንም ይባል፣ ብቻ ይነሣልን» አሉ።

ቶሎሳ ግን ዝም አላለም። «ጋሽ ሄራሞ፣ ከተማው እየዘፈነ እኛ ዝም ብንል ሾፌሩ በምን ይሰማል?»

«የእኔን ድምፅ ከሕዝብ መሀል ለይቶ የማይሰማ ጆሮ ካለው ሐኪም ቤት ይሂድ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ትሰማኛለህ አይደል?»

ማን እሳቸውን አልሰማዎትም ይላል?

በማግስቱ ጠዋት ቀይ ባንዲራው፣ ቀይ ጨርቁ፣ አቧራው፣ የናዝሬት ነፋስ። ልጆች አጥር ላይ ተሰልፈዋል፣ ጋሪ ነጂዎች ጋሪያቸውን አቁመው መቀመጫው ላይ ቆመዋል። እንግዶቹ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የኪነት ቡድኑ ካኪ ለብሶ ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ ትልቁ ከበሮ ፈረሱ በተፈታ ጋሪ ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላው ዘነበች እጅጌዋን ጠቅልላ ቆማለች። ቶሎሳ አያትና ጋሽ ሄራሞን በሹክሹክታ ለመነ፤ «ዛሬን ብቻ፣ ጋሽዬ። ይህን ጎማ ዛሬን ብቻ ላውልቅ።»

«እግርህን ነው ወይስ ጫማህን ነው የምታገባት?» አሉት። አላወለቀም።

የሥራው መልክ እንዲህ ነበር። ከግቢው ወደ መንገዱ ዳገት ነው። እኔ መንገዱ ላይ ሆኜ በብረት ገመድ እጎትታለሁ። ቦይለሩ በክብ ግንዶች ላይ እየተንከባለለ ይወጣል። ከኋላ የተረፈውን ግንድ ሠራተኞቹ እያመጡ ለቶሎሳ ይሰጡታል፣ እሱ ከፊት ያስገባዋል። ሌሎቹ እንዳይመለስ ከኋላው የእንጨት ታኮ ይዘው ይከተላሉ። ጋሽ ሄራሞ በጎን እየሄዱ ይመራሉ።

ማርሽ አስገባሁ። «ጓድ ብረት ሆዬ» አሉ ጋሽ ሄራሞ። ከተማው በአንድ አፍ «ሆ፣ ወደፊት» አለ። ፀጉሬ ቆመ። ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም፤ ጋቢናው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ አኮርዲዮኑ ያለቅሳል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ እኔም መሪዬን ይዤ አብሬ «ሆ፣ ወደፊት» እላለሁ። የጋሽ ሄራሞ ድምፅ ከዚያ ሁሉ በላይ ይንሳፈፋል። እውነትም ይሰማ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ከኋላ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። ቦይለሩ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቶሎሳ ያስገባው ግንድ ድንጋይ ነክቶ ጠመመና የእግሩን ጫፍ መሬት ላይ ነከሰው። እግሩን ቢስበው አልመጣም። ቦይለሩ በላዩ እየመጣ ነው። ቶሎሳ እንደ ሕጉ አፉን ዘጋ። ከድር አየና ዘጋ። ሌሎቹም ዘጉ። ጋሽ ሄራሞም ዘጉና እጃቸውን ዘርግተው የመኪናዬን መቆም ጠበቁ።

መኪናዬ አልቆመም። የኪነት ቡድኑ የእኛ ሰዎች ዝም ሲሉ ተራውን ለእነሱ የለቀቁ መሰለው። አኮርዲዮኑ ከፍ አደረገ፣ ዘነበች በሁለት እጇ ወረደችበት፣ ሕዝቡ የዝምታውን ቦታ ሞላው። ከፊት ላለሁት ለእኔ ዘፈኑ ይበልጥ ሞቀ እንጂ አልቀዘቀዘም። የጋሽ ሄራሞን ድምፅ ባጣውም ትንፋሽ የሚሰበስቡ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲያ «ቁም» ብለው ቢጮኹ ማን ሊሰማ? ወደ እኔ ልሩጥ ቢሉ በተወጠረው ገመድ አጠገብ ማለፍ አለባቸው፤ እሱም ሩቅ ነው። ከበሮው ግን እዚያው ነበር።

በሥራ ቦታ ሩጫን የከለከሉን ሰው ሮጡ። ጋሪው ላይ ዘለው ወጥተው በሆዳቸው ከበሮው ላይ ተኙበት፣ በሁለት ክንዳቸው እንደ ልጅ አቀፉት። ዘነበች እጇን መመለስ አልቻለችም፣ ሁለት ጊዜ ጀርባቸውን መታች። ከበሮው ሲጠፋበት አኮርዲዮኑ አንዴ አቃሰተና ተወ። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ዝም።

እግሬ ወረደ። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከኋላዬ የቶሎሳን ድምፅ ሰማሁ፤ «እግሬን» ብቻ ነው ያለው። ታኮዎቹ ከቦይለሩ ኋላ ሲገቡ ሰማሁ።

ጓድ ታሪኩ ከጥላው ሥር እየተንደረደረ መጣ። ፊቱ ቀልቷል፤ እንግዶቹም ቆመዋል። «ጓድ ሄራሞ፣ ይህ ምን ማለት ነው? በእንግዶች ፊት አብዮታዊ ኪነትን ማቋረጥ?» አለ። በዚያን ዘመን ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። እሳቸው ደግሞ በጸሎት ቤቱ ጉዳይ አንድ ጊዜ ታስረው የወጡ ሰው ናቸው።

ጋሽ ሄራሞ ከከበሮው ላይ አልተነሡም። ጉንጫቸው ቆዳው ላይ ተለጥፎ እንዳለ፣ «ጓድ፣ ማሰሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጁ ይውጣ» አሉ።

ሁሉም ያኔ ነው ወደ ቦይለሩ የዞረው። ግንዱን በክሪክ አንሥተው ቶሎሳን አወጡት። የጫማው የጎማ አፍንጫ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ነበር። ጫማውን አወለቁለት፤ ጣቶቹ አሉ፣ አንድ ጥፍር ብቻ ነው የሄደው። አንድ ክንድ ያህል ጎትቼ ቢሆን ኖሮ ግን የምናወጣው ሰው አልነበረም። ቶሎሳ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የተጨፈለቀውን ጎማ እንደ ሜዳልያ ከፍ አድርጎ ዘነበችን አያት። እሷም አየችው። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ያ ሰው የታጨው በዚያ ጎማ ነው።

አንዱ እንግዳ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። ዘነበች ጋሪው ላይ ቆማ በጣቷ ጠቆመችው። «ማንም እጁን እንዳያነሣ። ብረቱ መንገድ ላይ እስኪወጣ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ» አለች። ጓድ ታሪኩ አፉን ሲከፍት ወደሱ ዞረች። «ጓድ ታሪኩ፣ አንተም።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ልጆቹ አጥር ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የእንግዳው መዳፎች ተራርቀው ቀሩ። ጋሽ ሄራሞ ከጋሪው ወርደው ኮፍያቸውን አነሡና፣ «አያ ብረት ሆዬ» አሉ። የ‹ጓድ ብረት›ን ነገር ረስተውት ነበር፣ ወይም አልረሱትም። ጥቂት ሰዎች በቀጭኑ «ሆ፣ ቀስ ብለው» አሉ። እያንዳንዱን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት። በቶሎሳ ቦታ ከድር ገብቷል። የመኪናውን ነዳጅ መስጫ እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው እየረገጥኩ አወጣሁት። አቧራው ያን ጊዜ ገለጥ ብሎ ነበርና በስፖኪዮዬ ያየሁትን እምላለሁ፣ የጓድ ታሪኩ ከንፈር «ቀስ ብለው» እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቦይለሩ መንገድ ላይ ሲቆም ከተማው ፈነዳ። የእልልታውና የጭብጨባው ነገር አይነገርም። እንግዶቹ ሲሄዱ ትልቁ፣ «የሚገርመው ያ የዝምታው ክፍል ነው። ማን ነው ያዘጋጀው?» ብሎ ጠየቀ። ጓድ ታሪኩ ጋሽ ሄራሞን አየ፣ ጋሽ ሄራሞ መሬት መሬቱን አዩ። «ቀበሌያችን ነው» አለ ጓድ ታሪኩ። በዚሁ የእስሩ ነገር ተረሳ።

ጋሽ ሄራሞ ግን አልረሱትም። በማግስቱ ጠዋት ብረቱን ሰላም አላሉም። መሀላችን ቆሙና፣ «ትናንት ቶሎሳን ሊገድለው የነበረው ከበሮው አይደለም። የእኔ ጉሮሮ ነው። ሙገሳውን ወደድኩት፣ በጠየቀኝ ልጅ ላይ አፌዝኩ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ቶሎሳ ይመራል። እኔ ግንድ አስገባለሁ።»

የቶሎሳን ድምፅ ካልሰማችሁ ይህ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ አይገባችሁም። ቦይለሩ ውስጥ የነበረችው ፍየል ትሻላለች። ያ ጉረኛ ሰውዬ ዝቅ ብለው ግንድ እያስገቡ፣ በዚያ ድምፅ ለሚመራ ዘፈን «ሆ፣ ቀስ ብለው» እያሉ ከረሙ፤ ፊታቸው ሎሚ እንደነከሰ ሰው ይጨማደድ ነበር። «እባክዎ ይመለሱ» ብለን ለመናቸው። «ድምፁ ግሩም ነው» አሉ። «ከእንግዲህ ላጅብህ የሚል አንድ ሰው አይመጣም።» እውነትም ከዚያ ወዲህ የተቀበለን ሕዝብ የለም፤ እግሩ የተነካም የለም።

በቀብሩ ዕለት የድሮዎቹ ሠራተኞች የቀረነው ሁሉ ተሰበሰብን። ቶሎሳና ዘነበች ከልጆቻቸው ጋር መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ሬሳውን እኛ እንሸከም አሉን፤ ሽበታችንን አይተው ነው። አይሆንም አልን። ጠዋት ሳጥኑን ከመንካታችን በፊት ቀለበቶቻችንን አውልቀን ለዘነበች ሰጠናት። ማንም ማንንም አላዘዘም፣ እጃችን ራሱ ነው ያወለቀው።

ወደ መካነ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ከኋላ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እኛም ሳጥኑን ተሸክመን አብረን እንዘምራለን፣ ቶሎሳ ከፊት ሆኖ በዚያ ድምፁ። አጋማሹ ላይ ድንገት ቶሎሳ ዝም አለ። አጠገቡ ያለው ዘጋ። እኔም ዘጋሁ። ሁላችንም እግራችን ባለበት ቆምን፣ ሳጥኑ ትከሻችን ላይ እንዳለ። መዘምራኑ አላወቁም፣ እየዘመሩ መጥተው ጀርባችን ላይ ተደራረቡ። «አባቶች፣ ቀጥሉ እንጂ» አለን አንድ ወጣት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከሰልፉ መሀል ዘነበች ወጣች፣ ቀለበቶቻችን አንገቷ ላይ እየተንቀጫቀጩ፣ እጇን ወደ መዘምራኑ አነሣች። ሁሉም ዝም አለ።

መሬቱን አየሁ። ጉድጓድም ድንጋይም የለም። «ምን አየህ?» አልኩት ቶሎሳን።

«ምንም» አለ። «ድምፄ ነው እንቢ ያለኝ።»

ጠበቅነው። ትከሻችን እየተቃጠለ፣ ነፋሱ አቧራውን እያለበሰን ጠበቅነው። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መዝሙሩን ሳይሆን ሌላ ነገር አነሣ።

«አያ ሄራሞ ሆዬ» አለ።

«ሆ፣ ቀስ ብለው» አልን።

እንዲህ እያልን ዳገቱን ወጣን፤ እንዲህ እያልን በገመድ አወረድናቸው። ማንም እግሩ አልተነካም።